ልጄ እሑድ እሑድ ሆቴል ትዘፍናለች

አምባሰል ተወልዶ ያደገ ሰው አምባሰልን ለማንጎራጎር አስተማሪ አያስፈልገውም። እንጨት ሲለቀም፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ሲጠበቅ፣ ልጅ ሲባበል ዜማው ራሱ ከአፍ ይወጣል። ሠርግ ላይ ደህና ድምፅ ያላት ልጅ ካለች «እስቲ አንቺ አውጪ» ተብላ ወደ ፊት ትገፋለች፤ እልልታው ሁሉ ለእሷ ነው። ያችው ልጅ አድጋ «በዚሁ ድምፄ እንጀራ ልብላበት» ያለች ቀን ግን ቤቱ ይናወጣል። ትናንት እልል ሲል የነበረው ዘመድ ፊቱን ያጠቁራል። ይህ ነገር በእኛም ቤት ደረሰ። የምጽፈውም ተመሳሳይ ጥያቄ የገጠማችሁ ወይም ነገ የሚገጥማችሁ ወላጆችና አያቶች እንደማትጠፉ ስለማውቅ ነው።

የምንኖረው ውጫሌ ነው። የከተማችንን ስም ብዙ ሰው የሚያውቀው ከታሪክ መጽሐፍ ነው፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ስለተፈረመው ውልና ስለ አንቀጽ 17 ያልተማረ ተማሪ የለም። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ ደግሞ ሐይቅን ካለፈ በኋላ ወርዶ ምሳ የሚበላባት ከተማ አድርጎ ያውቃታል። ከአራቱ የሀገራችን ቅኝቶች አንዱ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ከአምባሰል ምድር መሆኑን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ብለን እንቆጥራለን፤ ከአራቱ ሁለቱ በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩ ናቸው።

ልጄ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት አንዷ ናት። በዚያ ዓመት በሀገር አቀፍ ደረጃ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.2 ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። የእኔም ልጅ ከብዙኃኑ ጋር ቀረች። ከዚያ በኋላ ሱቅ ተቀጥራ ሞከረች፤ የፀጉር ሥራም ጀምራ ነበር፤ ሁለቱም አልሆኑም። ቤት ውስጥ የተቀመጠች ወጣት ምን እንደምትመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቀኑን በስልክ ትጀምራለች፣ በስልክ ትጨርሳለች። ያላቋረጠችው ነገር ቢኖር ማዜሙን ነው። ልብስ ስታጥብ ታዜማለች፣ ቡና ስትቆላ ታዜማለች።

አስፋልቱ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ምድር ቤቱን አድሶ «ላውንጅ» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ሰቀለ። ባለቤቱ በመጀመሪያ ያሰቡት የማታ ሙዚቃ ነበር። ነገር ግን በክልላችን ካለው የጸጥታ ሁኔታ የተነሣ ባጃጅ በጊዜ ይገባል፣ ሰውም በጊዜ በሩን ይቆልፋል። ስለዚህ ሙዚቃውን ወደ ቀን አመጡት። እሑድ ከ7 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ ከምሳ ጋር። አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ከደሴ፣ አንድ ክራር የሚጫወት ወጣትና አንድ ማሲንቆ የሚመቱ አባት ከዚሁ ከወረዳችን ተገኙ። የቀረው ዘፋኝ ነበር። ልጄን ሠርግ ላይ የሰማ ሰው ጠቆማት።

ነገሩን እንደነገረችን መጀመሪያ የተናገሩት እናቴ ናቸው። እናቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ሰፌዱን ከጭናቸው አውርደው «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። መጨመርም አላስፈለጋቸውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁለት ወር ያህል ቤታችን ጭቅጭቅ አላጣም። ባለቤቴ ሾፌር ነው፤ ሆቴል ውስጥ ማታ ማታ የሚሆነውን ከእኔ ይልቅ እሱ ያየዋል። «ችግሩ ዘፈኑ አይደለም፤ ዘፈኑ ዙሪያ ያለው ነው» ይል ነበር። አክስቷ «ማን ያገባታል?» አለች። ጎረቤት ደግሞ «አብሽሩ፣ ዘመኑ ነው» እያለ በጎን ያማ ነበር። ልጄ ዝም ብላ ትሰማለች። አንድ ማታ ብቻ «ሠርግ ላይ በነፃ ስዘፍን ማንም ነውር ነው አላለኝም፤ ነውሩ ያለው ብሩ ላይ ነው?» ብላ ጠየቀች። እኔም መልስ አጣሁላት። እናቴም ሰምተው ዝም አሉ።

በዚያ ሰሞን ሥራዬ ማንበብና ሰው መጠየቅ ሆነ። «አዝማሪ» የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው የሚወጣ ነው። ዝማሬም፣ መዝሙርም፣ መዘምርም ከዚያው ናቸው። አንዱን በክብር ስንጠራ ሌላውን በስድብ የምንጠራው እኛው ነን እንጂ ቃሉ አይደለም። ለእናቴ ይህን ስነግራቸው «ቃሉንስ ተይው፤ የሚጠጣው ሰውዬ መዝገበ ቃላት አያነብም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ክርክሩ የቃል ሳይሆን የቦታና የሰው መሆኑን ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው።

ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ ያለፉ ሴቶች ብዙ ናቸው። አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ መድረክ ላይ በወጣችበት ዘመን ሴት ልጅ ተዋናይም ዘፋኝም መሆኗ ከዛሬው እጅግ የከበደ ነገር ነበር። ዛሬ ስሟ የሚነሣው በኩራት ነው። የእኛዋ ማሪቱ ለገሰም ከወሎ ላሊበላ ኪነት ጋር የተነሣችና አምባሰልን ለመላው ሀገር ያሰማች ናት። ማሪቱ አምባሰል ስታዜም ሬዲዮኑን ከፍ የማያደርግ የወሎ አያት አላውቅም። እናቴም ከፍ ያደርጋሉ። ያችም የሰው ልጅ ናት፣ የሆነች እናት «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ብላት ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

የሆቴል ሙዚቃም ቢሆን ትናንት የመጣ አይደለም። በአዲስ አበባ ኢቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል፣ ዋሊያስ ባንድ በሂልተን ሆቴል ሲጫወቱ የሰሙ ዛሬ አያት ሆነዋል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ሲታወጅ የሙዚቃ ቤቶች በራቸውን ዘግተው እስከ ንጋት ይጫወቱ ነበር፤ የገባ ሰው የሚወጣው ሲነጋ ነው። እኛ ዘንድ የሆነው የዚያ ተቃራኒ ነው። ሌሊቱ ስለማይመች ሙዚቃው ወደ ቀን መጣ። ቀን በመሆኑም ሕፃናትና አሮጊቶች ገቡበት። አንዳንዴ ችግር ያላሰቡትን በር ይከፍታል። የማታ ቢሆን ኖሮ ልጄን አልፈቅድላትም ነበር፤ ይህ ጽሑፍም አይኖርም።

በመጨረሻ እኔና ባለቤቴ ተቀምጠን ተነጋገርን። «አይሆንም» ብንል በዕድሜዋ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሄዳ ማንም በማያያት ቦታ ልትዘፍን ትችላለች። እዚህ ከሆነ ግን ዐይናችን ሥር ናት። ስለዚህ «ይሁን፤ ግን እንዲህ ከሆነ» አልን። ቅድመ ሁኔታዎቻችንን ወረቀት ላይ አሰፈርን። ለሌላ ወላጅ ይጠቅም እንደሆነ አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ሰዓቱ። 11 ሰዓት ላይ ማይክራፎኑ ይዘጋል፤ 11 ተኩል ላይ ልጄ ቤቷ ናት። ባለቤቴ ከሌለ የምወስዳትም የማመጣትም እኔ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ከእንግዳ ጋር አትቀመጥም። ዘፋኝ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ እንግዳ እንድታስጠጣ የሚፈልጉ ቤቶች አሉ። ሥራዋ ማዜም ነው፤ ስትጨርስ ከባንዱ ጋር ትቀመጣለች።

ሦስተኛ፣ ሽልማቱ። በሀገራችን ባህል ዘፋኝ ይሸለማል፤ ብር ግንባር ላይ ይለጠፋል። ይህን ለመከልከል አልሞከርንም፤ አይቻልምም። ነገር ግን ልጄን ማንም እንዳይነካ ሽልማቱ ማሲንቆ መቺው አባት ፊት ባለ ሰፌድ ላይ እንዲቀመጥና መጨረሻ ላይ ለአራቱ እኩል እንዲከፈል ተስማማን። ሰፌዱ የእናቴ ነው፤ ሳይነግሩኝ ሰጥተዋት ነው ወይስ እሷ ሰርቃ ነው፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

አራተኛ፣ ክፍያው በጽሑፍ ይሁን። በቀን 800 ብር፣ በዚያው ቀን የሚከፈል። እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም፣ መብራት ቢኖርም ባይኖርም።

አምስተኛ፣ ትምህርቷ። በገንዘቡ የመጀመሪያ ድርሻ ፈተናዋን በግል ለመድገም ትዘጋጃለች። ይህን ያስገባው ባለቤቴ ነው።

የሆቴሉ ባለቤት ወረቀቱን ሲያነቡ ፈገግ አሉ። «እሜቴ፣ ይህማ የውጫሌ ውል ነው» አሉኝ። «አዎን፣ ስለዚህ ሁለት ዓይነት ትርጉም እንዳይኖረው በአንድ ቋንቋ ነው የጻፍነው» አልኳቸው። ሳቁና ፈረሙ።

የመጀመሪያው እሑድ እኔ፣ ባለቤቴና ትንሹ ልጄ ጥግ ያለ ጠረጴዛ ይዘን ተቀመጥን። እናቴ አልመጡም። ቤቱ ሰፊ አይደለም፤ ሃያ ያህል ጠረጴዛዎች፣ ቄጠማ የተጎዘጎዘበት ጥግና እዚያ ላይ ለባንዱ የተዘረጋ ምንጣፍ። ቡና በዚያው ይፈላል። ምግቡ የሠፈራችንን ኑሮ ይመስላል። የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ይዘጋጃል፤ አስተናጋጁ ሳትጠይቁት ይጠይቃችኋል። ጾም ለሚጾም በየዓይነቱ አለ። ሁለቱን ወገኖች በአንድ ትሪ የሚያገናኘው የሐይቅ ዓሣ ነው፤ ዓሣ አይታረድምና የማን ነው የሚለው ጥያቄ የለም። ሙስሊም ጎረቤቶቼና እኔ አንድ ጥብስ አብረን አንበላም፤ አንድ የተጠበሰ ዓሣ ግን ከአንድ ሳህን ጠርገን በልተን እናውቃለን። እንደ ወሎ ቤተሰብ ለተቀላቀለ ዘመድ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሒሳቡ ግን ቀላል አይደለም። አምስት ሆናችሁ ብትገቡ ከ1,500 ብር በታች አትወጡም፤ ለእኛ ዓይነቱ ቤተሰብ በወር አንዴ ቢሞከር ነው። እናቶች ተነጋግረን ለሕፃናት ግማሽ ሳህን እንዲዘጋጅ ጠየቅን፤ ተፈቀደ። ሁለተኛው ጥያቄያችን የድምፁ መጠን ነበር። የመጀመሪያው ዕለት ስፒከሩ ግድግዳውን ያንቀጠቅጥ ነበር። ጡት የሚጠባ ልጅ የያዘች እናት ወጥታ ሄደች። አሮጊት እየሰማች እንድትበላ የሚፈልግ ሆቴል አጠገቧ ያለውን ሰው ማዳመጥ እንድትችል ማድረግ አለበት። ስፒከሩ ከጠረጴዛዎቹ ራቅ ተደርጎ ወደ ላይ ተሰቀለ፤ ድምፁም ወረደ።

ልጄ እንዴት ዘፈነች? እናት ናትና ምን ትላለች አትበሉኝ። ድምፁ ነበረ፤ ነገር ግን አንድ ነገር ጎድሎ ነበር። ምን እንደሆነ ያወቅሁት በሦስተኛው እሑድ ነው። በዚያን ዕለት መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ኪቦርዱ ተቆረጠ፣ ማይክራፎኑም ዝም አለ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ማሲንቆ መቺው አባት በዚያች አንድ ገመዳቸው አምባሰልን ብቻቸውን ጀመሩት። ቀስ ብለው፣ እየተነፈሱ። ልጄም ያለ ማይክራፎን ተከተለቻቸው። የጄኔሬተሩ ድምፅ ሲመጣ አንድ ሽማግሌ «አጥፉት!» ብለው ጮኹ። የጎደለው ነገር እርጋታ ነበር። ኪቦርዱ ምቱን አስቀድሞ አስገብቶ ስለሚጫወት እሷም ከኋላው ትሮጥ ነበር።

ቤት መጥቼ ለእናቴ ነገርኳቸው። ወሬ እንደምነግር እንጂ እንዲረዱኝ ብዬ አልነበረም። እናቴ ቡናቸውን አስቀምጠው «እስቲ አንቺ ልጅ፣ እንዴት ነው ያልሽው?» አሏት። አዜመችላቸው። «አይደለም» አሉ። «ሁለተኛዋን አትዝለያት።»

ይህን የሙዚቃ መምህር ደግሞ በሌላ አነጋገር ያስረዳል። አምባሰል አምስት ድምፆች አሉት። ሁለተኛዋ ድምፅ ለመጀመሪያዋ በጣም የቀረበች ናት፤ ልትነካት ትደርሳለች። ከእሷ ወደ ሦስተኛዋ ግን ሰፊ ዝላይ አለ። አራተኛዋና አምስተኛዋም እንዲሁ ጎን ለጎን የተጠጉ ናቸው። ትዝታን ብታስተያዩት ድምፆቹ ተራርቀውና ተመጣጥነው የተቀመጡ ናቸው። አምባሰልን አምባሰል የሚያደርገው ያ መጠጋትና መዝለል ነው። የተጠጉት ላይ ቸኩሎ የሚያልፍ ሰው ቅኝቱን አያገኘውም። ኪቦርድ ድምፆቹን እንደተሠሩበት ቁልጭ አድርጎ ይሰጣል፤ ማሲንቆ ግን ጣትን ገመዱ ላይ እያንሸራተተ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ያሸጋግራል። ጉሮሮም እንዲሁ ነው። እናቴ ኖታ አያውቁም፤ ፊደልም አልቆጠሩም። «አትዝለያት» ያሉት ግን ይህንኑ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ከእራት በኋላ ትምህርት ተጀመረ። እናቴ በልጅነታቸው ወፍጮ ላይ ሲያዜሙት የነበረውን፣ በሠርግ የሰሙትን፣ የሙሾውን፣ ጎረቤቶቻቸው መንዙማ ሲሉ እየሰሙ የያዙትን ሁሉ ማውጣት ያዙ። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ አብሬያቸው ኖሬ ግማሹን አልሰማሁትም ነበር፤ ጠይቄያቸውም አላውቅም፣ እሳቸውም የሚጠይቃቸው አላገኙም። ትንሹ ልጄ በስልኩ ይቀርጻቸዋል። እስከ አሁን አርባ ሁለት ቅጂ አለን። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ከተማችንን ሲያገኛት ከሸሸን በኋላ ተመልሰን ያላገኘነው ብዙ ዕቃ አለ፤ ፎቶግራፎቻችንም ከዚያው ጋር ሄደዋል። የእናቴ ድምፅ ግን ዛሬ በሦስት ስልክ ላይ አለ።

እዚህ ላይ «አያት ተሸነፉ፣ ሁሉም በሰላም ተፈታ» ብዬ ብጨርስ ደስ ይል ነበር። ነገር ግን እንደዚያ አልሆነም።

በጥር ወር አንድ እሑድ ብዙ ብር ያላቸው እንግዶች ከሩቅ መጡ። ከመካከላቸው አንዱ ሰፌዱ ላይ ተደጋጋሚ ሽልማት ካስቀመጠ በኋላ ልጄ ወርዳ አብራው እንድትቀመጥ ጠየቀ። እምቢ አለች። አስተናጋጁ ሄዶ «ትንሽ ብቻ ተቀመጪ፣ ትልቅ እንግዳ ነው» አላት። የሆቴሉ ባለቤት አዩ፤ ምንም አላሉም። እንግዳውን ማጣት አልፈለጉም። እኔ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ፤ ነገር ግን ከእኔ የቀደሙ ነበሩ። ማሲንቆ መቺው አባት ደጋናቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፤ ክራሩም ኪቦርዱም ቆመ። ሰፌዱን አንሥተው ወደ ሰውየው ጠረጴዛ ሄዱና «የእርስዎ ይህ ነው» ብለው ብሩን ቆጥረው መለሱለት። ቤቱ ጭጭ አለ። ከዚያ ከአንድ ጥግ አንዲት እናት እልል አሉ፤ ሌሎችም ተቀበሉ። ሰውየው ጓደኞቹን ይዞ ወጣ።

በማግሥቱ ወረቀቱን ይዤ ወደ ባለቤቱ ሄድኩ። ሁለተኛውን ነጥብ አነበብኩላቸው። ከአፍታ ዝምታ በኋላ «ልክ ነሽ፤ ሥራ ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አሉ። አሁን በሩ አጠገብ በትልቁ የተጻፈ ማስታወቂያ አለ፦ «ዘፋኞቻችን ከእንግዳ ጋር አይቀመጡም።» በዚያ ቀን የነበሩት ቤተሰቦች በቀጣዩ እሑድ ከነልጆቻቸው መጡ፤ ቦታ ጠፍቶ ወንበር ከጎረቤት ተዋሱ። ባለቤቱም ያጡትን እንግዳ እንዳላጡት ገባቸው።

እናቴ ግን ይህን ሲሰሙ «አላልኩም?» ነው ያሉት። ልክም ነበሩ። የፈሩት ነገር በእውነት የነበረ ነገር ነው። እኛ ልጆቻቸው የአያቶችን ፍርሃት «የድሮ ሰው ናቸው» ብለን ማለፍ ይቀናናል። የድሮ ሰው ያየው ነገር አለ። በእሳቸው የወጣትነት ዘመን ሆቴልና ቡና ቤት የሄደች ልጅ ስትመለስ ያዩት፣ ሳትመለስ የቀረችውንም የሚያስታውሱት እሳቸው ናቸው። የእኛ ፈንታ ፍርሃቱን መናቅ ሳይሆን ወደ ደንብ መለወጥ ነው። ወረቀታችን ላይ ያሉት ነጥቦች ብትመለከቷቸው አብዛኞቹ የእናቴ ፍርሃቶች ናቸው፤ እኔ ቁጥር ሰጠኋቸው እንጂ።

እናቴ እስከ ዛሬ ላውንጁን አልረገጡም። ልጄ ከደመወዟ ቡና ገዝታ ስታመጣ «አስቀምጪው» ይላሉ፤ እሳቸው የሚጠጡት በእንቁላል ሽያጭ የገዙትን ነው። በሁለት ቆርቆሮ፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ የሁለት ሰዎች ቡና አለን። ልጄ በዚህ ታዝናለች። አንድ ቀን እያለቀሰች «እያስተማሩኝ ለምን አይመርቁኝም?» ስትለኝ «ያስተማሩሽ ምርቃቱ አይደለም ወይ?» አልኳት። አላጽናናትም። ሁለት ነገር በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብሮ ሊኖር እንደሚችል በሃያ ዓመት ዕድሜ መረዳት ይከብዳል። ልጅ ልጃቸውን ይወዳሉ፤ ዜማውን ይወዳሉ፤ ቦታውን አይወዱትም። ይህን እንዲለውጡ አልጠይቃቸውም።

ልጄ ፈተናውን ደግማ ተፈትናለች፤ ውጤቱን እየጠበቅን ነው። ቢሳካላት አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት ትፈልጋለች። ባለቤቴ ሒሳብ አያያዝ ብትማር ይመርጣል። ይህኛው ክርክር ገና መጀመሩ ነው። ላውንጁም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሙዚቃው ይቆማል፣ በረመዳንም እንዲሁ፣ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ከደሴ የሚመጣው ኪቦርድ ተጫዋች ይቀራል። በእንዲህ ዓይነቱ እሑድ ማሲንቆና ክራር ብቻቸውን ይጫወታሉ፤ እኔ እንደሆነ ያንን ነው የምወደው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ዘፋኝ፣ ተዋናይ ወይም ሌላ እናንተ ያላሰባችሁትን ነገር ልሁን ብሎ ቢመጣ ከ«እሺ» እና ከ«እምቢ» በፊት «የት? ከማን ጋር? እስከ ስንት ሰዓት? በምን ያህል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን አብራችሁ ጻፉት። እዚያም ሄዳችሁ ቁጭ በሉ፤ ስለላ አይደለም፣ ቤተሰብ የሞላበት አዳራሽ ራሱ ጠባቂ ነው። በጥር ወር ያየሁት ይህንን ነው። አያቶች ደግሞ፣ ባትስማሙም አታኩርፉ። እኛ ዘንድ ካልነገራችሁን ዜማው ከእናንተ ጋር ይሄዳል፤ ልጆቹ ከስልክ የሚያገኙት ከመሐሉ የተዘለለውን ነው።

ባለፈው እሑድ ጠዋት ልጄ ልብሷን ስትተኩስ እናቴ ከመኝታቸው ሆነው ጠሯት።

«ዛሬ የትኛውን ነው የምትጀምሪው?»

«አንቺሆዬን፣ እማማ።»

«አንቺሆዬ ለመጀመሪያ ይከብዳል፤ ጉሮሮሽ ሳይሞቅ አትንኪው» አሉ። «በትዝታ ጀምሪ።»

በትዝታ ጀመረች።